ስለ ቀብድ፣ ስለ ዝንጅብልና ስለ ሥዕል ካርድ

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር መገባደጃ ላይ፣ አንድ እሑድ ማታ፣ ሲያትል ከምትኖረው ታላቅ እኅቴ ስልክ ተደወለልኝ። ሙዱላ በዚያ ምሽት መብራት አልነበረም፤ እናቴ በኩራዝ ብርሃን ቡና ታፈላ ነበር። እኅቴ የወትሮውን ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ልጁ አንተን ካላነጋገርኩ ብሏል፤ ባንክ ቤት ስለምትሠራ የገንዘብ ነገር ታውቃለህ ብሎ ነው» አለችኝና ስልኩን ሰጠችው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። አማርኛው ይሰናከላል፤ የእናቱን ቋንቋ ጠምባርኛን ደግሞ የሚያውቀው ከሰላምታ እስከ እራት ብቻ ነው። እሱ ሲሰናከል እናቱ እያቃናች ነገሩን ተረዳሁት።

ልጁ ፖኬሞን የሚባለውን የሥዕል ካርድ ይሰበስባል። ጥር 9 ቀን ሊወጣ ለታሰበ አዲስ የካርድ ዕትም፣ ገና በኅዳር፣ በሰፈሩ ካለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ሄዶ የሁለት ሣጥን ዋጋ ሙሉውን ከፍሎ ስሙን አስመዘገበ። ገንዘቡ በበጋ የጎረቤት ሣር አጭዶ ያጠራቀመው ነበር። ቀኑ ሲደርስ ባለ ሱቁ «አከፋፋዩ ኮታችንን ቆርጦብናል፤ ለአንተ የሚደርስ የለም» ብሎ ገንዘቡን ሳያጎድል መለሰለት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ልጁ በዚያው ሱቅ በር ሲያልፍ ያን ሣጥን በመስታወቱ ውስጥ አየው፤ ዋጋው በሦስት እጥፍ ተለጥፎበታል።

«አጎቴ፣ ገንዘቤን ሁሉንም መልሰውልኛል» አለኝ። «ታዲያ ለምንድን ነው የተሰረቅሁ የሚመስለኝ?»

ውድ አንባቢ፣ እኔ ለዘጠኝ ዓመታት ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል የኖርኩ ሰው ነኝ። በእኛ መዝገብ ይህ ሒሳብ የተዘጋ ነው፤ ገቢና ወጪው እኩል ነው፤ ቀሪው ዜሮ። ለልጁ ግን «ዜሮ ነው» ማለት አልሆነልኝም። «አስቤ እደውልልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እናቴ ምን ሆነ ብላ ጠየቀችኝና ነገሩን በቋንቋችን አስረዳኋት። ጥቂት ዝም ብላ «ካርዱ ይበላል?» አለችኝ። አይበላም አልኳት። «ታዲያ ቀብድ የሰጠው ለምኑ ነው?» አለች።

ቀብድ የሚለውን ቃል ያነሣችው እሷ ናት። እኔም ነገሩን ከዚያ ቃል ጀመርኩት።

በአገራችን ዕቃው ሳይኖር ገንዘብ መቀበል የኖረ ነው። እንጨት ሥራ ቤት አልጋ የሚያዝዝ ሰው ቀብድ ይከፍላል፤ አናጢው በዚያ ቀብድ ጣውላ ይገዛል። ጣውላው ከጠፋ አልጋው ይዘገያል፤ ሙሽራውም በተውሶ ፍራሽ ይተኛል። መስቀል ሲቀርብ ልብስ ሰፊው ሊሰፋው ከሚችለው በላይ ጨርቅና ቀብድ ይቀበላል፤ በዋዜማው እናቶች በሩ ላይ ተሰልፈው ሲቆጡ ያላየ የሆሳዕናም የዱራሜም የሙዱላም ልጅ የለም። የመስቀል በሬ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ የሚዋጣው ገንዘብ እንኳ፣ አስተውለን ካየነው፣ ገና ላልታየ በሬ የተከፈለ ቅድሚያ ነው። ልዩነቱ እዚያ ገንዘብ ያዡም ከበሬው ተካፋይ መሆኑ ነው። በሬው ከከሳ የእሱም መደብ ይከሳል።

ሕጋችን ስለ ቀብድ የተናገረው ከብዙ ሰው ግምት የጠነከረ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ከዚያ ወረድ ብሎ በቁጥር 1885 ሁለቱንም ወገን ይገታል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በአገራቸው በ1804 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1590 ተመሳሳይ ድንጋጌ ነበረው። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ በ6ኛው መቶ ዘመን የሮማው ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ባወጣው ሕግ እናገኘዋለን። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል የኖረ ነገር መሆኑ ነው።

እጥፍ ለምን? እኔ እንደማስበው እነዚያ ሕግ አውጪዎች የእኅቴን ልጅ ጥያቄ ቀድመው ሰምተውታል። ገንዘቤን ስይዝልህ የያዝኩት ገንዘብህን ብቻ አይደለም። ሌላ ቦታ ፈልገህ እንዳትገዛ እጅህን አሥሬሃለሁ፤ በዚያ መካከል ዋጋው ሲወጣ ልዩነቱ የአንተ ሳይሆን የእኔ ሆኗል። ያንኑ 100 ብር ብመልስልህ ወረቀቱን መለስኩልህ እንጂ ቀኑን አልመለስኩልህም። ነጠላው ለወረቀቱ፣ እጥፉ ለቀኑ ነው። (የሕግ ባለሙያ ወዳጆቼ ሙሉ ዋጋን አስቀድሞ መክፈልና ቀብድ አንድ አይደሉም ብለው እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ልጁ የተሰማውን ስሜት ስም የሚያወጣለት ሕግ ፈልጌ እንጂ ክስ ላረቅለት አይደለም።)

በአሜሪካም ሕግ የለም ማለት አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ በፖስታ ትዕዛዝ የሚቀበል ሻጭ ዕቃውን ባለው ቀን መላክ እንደሚችል የሚያሳምን መሠረት ሳይኖረው ትዕዛዝ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ደንቡ በኋላ በስልክና በኢንተርኔት ለሚደረግ ሽያጭም ተዘርግቷል። ሻጩ ከዘገየ ለገዢው አስታውቆ ካልተስማማ ገንዘቡን ይመልሳል። የሚመልሰው ግን ነጠላውን ነው። ደግሞም የልጁ ሱቅ በእግሩ ሄዶ የከፈለባት፣ ጥግ ላይ ያለች ቤት ናት።

አሁን ወደ ካርዱ ከመግባቴ በፊት አንድ የእኛ ታሪክ ላንሣ፤ እኛም ሰብሳቢዎች የተሻሙበት ትንሽ ወረቀት አሳትመን እናውቃለንና። ዐፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የፖስታ ቴምብሮች በፓሪስ አሳተሙ። ቅርጹን የቀረጸው ዩጂን ሙሾን የተባለ ስመ ጥር ፈረንሳዊ ነው። ቴምብሮቹ ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው ተቀርጿል። በዚያ ሥራ የስዊሱ ተወላጅ የምኒልክ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ እጅ ነበረበት።

ቴምብር ማለት ራሱ ቀብድ ነው። እንግሊዞች በ1840 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ቴምብር እስኪያወጡ ድረስ ብዙውን ጊዜ የደብዳቤውን ዋጋ የሚከፍለው ተቀባዩ፣ ደብዳቤው እጁ ሲገባ ነበር። ቴምብር ይህን ገለበጠው፤ አስቀድመህ ትከፍላለህ፣ እኔ አደርስልሃለሁ። የምኒልክ ቴምብር ግን አንድ ችግር ነበረበት። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ቴምብሩ ከድንበር ወዲያ ዋጋ አልነበረውም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በፈረንሳዮቹ ፖስታ በጅቡቲ በኩል እንዲያልፍ የእነሱም ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። አገሪቱ የሸጠችው መንገድ ግማሹ በሌላ ሰው እጅ ነበር ማለት ነው። ይህ በመሆኑ ማንም አልከፋውም፤ ከቴምብሮቹ ብዙዎቹ ደብዳቤ ፊት ሳያዩ በቀጥታ ወደ አውሮፓ ሰብሳቢዎች አልበም ገብተዋልና። እንዲያውም ያልተጓዘው ቴምብር የተጓዘ እንዲመስል ሐሰተኛ ማኅተም የሚመቱበት ሰዎች ተነሥተው ነበር። ሰብሳቢ ገዢ ከተራ ገዢ የሚለየው በዚህ ነው፤ ዕቃው የታሰበለትን ሥራ ባይሠራም ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ሌላው ሰው እንዳያገኘው ብቻ ነው።

ወደ ካርዱ እንመለስ። ሥዕል ያለበት ካርድ መሰብሰብ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የአሜሪካ የትንባሆ ፋብሪካዎች በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የስፖርተኞችን ሥዕል ሲከቱ ነው። ከ1909 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ከወጡት አንዱ፣ ሆነስ ዋግነር የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች ያለበት ካርድ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ በመቅረቱ በ2022 እ.ኤ.አ. በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። (ይህን ሳነብ ቅርንጫፋችን በአንድ ዓመት የሚሰበስበውን ተቀማጭ አሰብኩና ለሥራ ባልደረቦቼ ሳልነግራቸው ቀረሁ።)

ለእኛ ጉዳይ ግን ቁልፉ 1993 እ.ኤ.አ. ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ሊቅ ካርድ መሰብሰብንና መጫወትን አንድ ያደረገ «ማጂክ» የተባለ ጨዋታ ፈጠረ። ያሳተመው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለ ያን ጊዜ ትንሽ የነበረ ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ የሚገኘው እዚያው እኅቴ የምትኖርበት ሲያትል አጠገብ ነው። በነሐሴ የወጣው የመጀመሪያው ዕትም 2.6 ሚሊዮን ያህል ካርድ ነበር፤ ወዲያው አለቀ። ተጨማሪ ታተመ፤ እሱም አለቀ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ሱቆች የሚያዝዙትና የሚደርሳቸው ሊገናኝ አልቻለም። አሳታሚው ለአከፋፋዩ ይቆርጣል፤ አከፋፋዩ ለሱቁ ይቆርጣል፤ ሱቁ ደግሞ በር ላይ ለቆመው ልጅ ይቆርጣል።

በኮታ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስኳርና ዘይት በሸማቾች ማኅበር በኩል በኮታ በሚታደልበት ወቅት እኛ ምን እናደርግ ነበር? የቤተሰቡን ቁጥር እናበዛለን፤ ዱራሜ የሚማረውን፣ አዲስ አበባ የሄደውን፣ አልፎ አልፎም የሞተውን ጭምር እናስመዘግባለን። ምክንያቱም ከተጻፈው ላይ እንደሚቆረጥ እናውቃለን፤ አሥር ያለ አምስት ያገኛል፣ አምስት ያለ ሁለት። የአሜሪካም ባለ ሱቆች ያደረጉት ይህንኑ ነው። 20 ሣጥን የሚፈልገው 100 ጻፈ። አከፋፋዩም የእነሱን ድምር ተቀብሎ በላዩ የራሱን ጨመረበት።

በኅዳር 1994 እ.ኤ.አ. ግን አሳታሚው ኮታውን አልቆረጠም። «ፎልን ኤምፓየርስ» የተባለውን ዕትም ከ350 ሚሊዮን ካርድ በላይ አሳትሞ የታዘዘውን ሁሉ ላከ። 20 ፈልጎ 100 የጻፈው ሱቅ መቶውን ሣጥን ተረከበ፤ የመቶውንም ዋጋ ተጠየቀ። ገበያው በአንድ ጊዜ ሞላ፤ ዋጋው ወደቀ፤ ያ ዕትም ከተገዛበት ባነሰ ዋጋ እንኳ ሳይሸጥ ለዓመታት በመደርደሪያ ላይ ኖረ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የሳቅሁትም ያዘንኩትም ለነዚያ ባለ ሱቆች ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከበላያቸው ያለው ምን እንደሚልክላቸው የሚነግራቸው ስለሌለ በግምት ጻፉ፤ ግምታቸው ዝቅ ቢል ደንበኛ ያጣሉ፣ ከፍ ቢል ደግሞ ከዕዳ ጋር ይቀራሉ።

ፖኬሞን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በጃፓን በ1996፣ በአሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ.። በኮሮና ዘመን ፍላጎቱ እንደገና ፈነዳ። በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ታርጌት የተባለው ትልቅ የሱቅ ድርጅት፣ በአንድ መደብሩ የመኪና ማቆሚያ ላይ በካርድ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ሽጉጥ ከተመዘዘ በኋላ፣ ካርዶቹን በመደብር ውስጥ መሸጥ ለጊዜው አቁሞ ነበር። የልጁ ካርድ፣ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፕሪዝማቲክ ኢቮሉሽንስ» የተባለው ዕትም ነው። ትናንሽ ሱቆች ለወራት ቅድሚያ ክፍያ ከተቀበሉ በኋላ መውጫው ቀን ሲቃረብ አከፋፋዮቹ ኮታቸውን ክፉኛ ቆረጡባቸው። አሳታሚው ድርጅትም እጥረቱን አምኖ ተጨማሪ እንደሚያትም አስታወቀ። ብዙ ሱቆች የደንበኞቻቸውን ትዕዛዝ ሰረዙ። አንዳንዶቹ የደረሳቸውን ጥቂት ሣጥን በምዝገባ ተራ፣ በመጀመሪያው ዋጋ አስረከቡ። ከደረሳቸው በላይ የተመዘገበላቸው ደግሞ ጨዋነታቸው ያተረፈላቸው ስድብ ነው። የዚያ ልጅ ሱቅ ያደረገውን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ለልጁ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። «ቀብድህ እጥፉን ይገባው ነበር» ልለው ስልኩን አነሣሁና፣ ድንገት አባቴ ትዝ አለኝ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

ጠምባሮ የዝንጅብል አገር ነው። ከሙዱላ ወደ ኦሞ ወንዝ የሚያዘቀዝቀው ወገን፣ ከጎናችን ሀደሮና ጡንጦ፣ ወዲያ ማዶ ወላይታና ዳውሮ፣ ገበሬው እንሰቱን ለቤት፣ ዝንጅብሉን ለገበያ ይላል። ዝንጅብል በመጋቢትና በሚያዝያ ይተከላል፤ ከኅዳር በኋላ ይነቀላል። በመካከሉ ያለው ክረምት ገንዘብ የሚጠፋበት ነው፤ የትምህርት ቤት ዕቃ፣ የመስቀል በሬ መዋጮ፣ ማዳበሪያ ሁሉም በዚያን ጊዜ ይጠየቃል። ስለዚህ ነጋዴ በግንቦትና በሰኔ ይመጣል። ማሳውን በዓይኑ ይለካል፤ ቅጠሉን ያያል፤ ቀብድ ይሰጣል። ወረቀት እምብዛም አይጻፍም፤ ሁለት ሽማግሌ ካለ ይበቃል።

በ2004 ዓ.ም. ግንቦት አባቴ ላልተነቀለ ዝንጅብሉ 4,000 ብር ቀብድ ተቀበለ። እኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተንኩበት ዓመት ነው። ከዚያ ብር ሻንጣ፣ ብርድ ልብስና አንድ ጥንድ ቆዳ ጫማ ተገዛልኝ፤ ለመንገድም ተቀመጠልኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በዚያ ቀብድ ነው።

በዚያው ክረምት በሽታው ገባ። የዝንጅብል አጠውላጊ ባክቴሪያ የሚባለው ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ጫፉ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ይጠቀለላል፤ ግንዱን ሳብ ሲያደርጉት ያለ ምንም ትግል ይወጣል፤ ሥሩ በስብሶ ውሃ ሆኗል፣ ይሸታል። በአፈርና በጎርፍ ይሄዳል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በዘር ይተላለፋል፤ ገበሬ ለገበሬ በደግነት ባበደረው የዘር ዝንጅብል። በዚያ ዓመት ከከምባታና ጠምባሮ አልፎ የደቡቡን የዝንጅብል አገር ሁሉ አዳረሰ። አባቴ በነሐሴ አንድ ማለዳ ከማሳው ተመልሶ እጁን ሦስት ጊዜ ሲታጠብ አስታውሳለሁ። በኋላ ተማሪ ሳለሁ ስለዚህ ነገር ብዙ ስንኝ ሞክሬ ሁሉንም ቀድጄዋለሁ፤ የቀሩኝ እነዚህ ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው፤

ሳይደርስ በላንና፣ ሳይነቀል ሸጠን፣
ምድር ስትከፈት ውሃ ሰፍራ ሰጠን።

ነጋዴው በኅዳር መጣ። እሱም ባዶውን አልነበረም የመጣው፤ ከበላዩ ላለ ትልቅ ነጋዴ በኩንታል ቆጥሮ ቃል ገብቶ፣ የእኛን ቀብድ የሰጠውም ከዚያ ሰው በወሰደው ገንዘብ ነው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ የሆነውን የሰማሁት ከእናቴ ነው። ነጋዴው እጥፍ አልጠየቀም። «የሰጠሁህን ብቻ መልስልኝ፤ እኔም የምመልስለት አለኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ ቁጥር 1885ንም ሆነ ስለ ከአቅም በላይ ኃይል የሚናገረውን ቁጥር 1792ን አላነበቡም፤ ፍርዳቸው ግን ከሁለቱም ብዙ አልራቀም። ነጠላው በሁለት መስቀል ተከፍሎ እንዲመለስ ወሰኑ። የመጀመሪያው ግማሽ ከጊደር ሽያጭ፣ ሁለተኛው ከቡና ተከፈለ።

ሒሳቡ ተዘጋ፤ ቀሪው ዜሮ። ነጋዴው ግን በዚያ 4,000 ብር ከዓመት በፊት ሊገዛው የነበረውን ዝንጅብል ግማሹን እንኳ ማግኘት አይችልም ነበር፤ ዝንጅብል በመጥፋቱ ዋጋው ንሮ ነበርና። የቀብድን ገንዘብ ብቻ መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ያ ሰው ከእኅቴ ልጅ ቀድሞ ቀምሶታል። ያቀመሰውም አባቴ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ባለ ሱቁ የእኛ ቤት ነበር፤ ጫማውን ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ልዩነት አልፈለግሁም አልልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ አደርኩ። አባቴ የሸጠው የራሱ እጅ የተከለውን ነው፤ ነጋዴውም ማሳው ላይ ቆሞ አይቶታል። ባለ ሱቁ የሸጠው ሌላ ሰው ሊልክለት ወይም ላይልክለት የሚችለውን ነው፤ በእጁ ያለው የትዕዛዝ ወረቀት ብቻ ነበር። አባቴ ቀብዱን ሲቀበል ቢያንስ ምን እንደማያውቅ ያውቅ ነበር፤ ዝናቡን፣ በረዶውን፣ ተባዩን። ይህን ሁሉ ብዬም አንድ ነገር ይተርፋል፤ ሁለቱም ከበላይና ከበታች ተይዘው መካከል የቆሙ ትናንሽ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም የተቀበሉትን ገንዘብ ዕቃው ሳይመጣ በልተውታል።

በዚህ አገር ለነገሩ መላ አልተፈለገለትም ማለት አይቻልም። በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ እህሉ ወይም ቡናው መጀመሪያ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ የሚሸጠው ያ ደረሰኝ ነው። በባንክ ሠራተኛ ዓይን ይህ የሚያስቀና ሥርዓት ነው። ነገር ግን የግንቦትን ገንዘብ ችግር አይፈታም። ዝንጅብሉ መጋዘን የሚገባው በጥር ነው፤ ልጁ ሻንጣ የሚፈልገው በመስከረም። እኛ ባንኮች ደግሞ በግንቦት ያልተነቀለ ዝንጅብል ይዞ ለሚመጣ ገበሬ ምን እንደምንለው አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ ነጋዴው ዛሬም በሰኔ ይመጣል፤ ቀብድም ዛሬም ይበላል።

በሳምንቱ እሑድ ደወልኩለት። ስለ ቁጥር 1885 ነገርኩት፤ ባለ ሱቁ አገሩ ቢሆን ኖሮ እጥፍ ይመልስልህ ነበር ስለው ደስ አለው። ከዚያ ስለ አያቱ ዝንጅብል ነገርኩት፤ አያቱን አያውቀውም፤ አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመት አልፎታል። ስለ ቀብዱ፣ ስለ ጫማዬ፣ ስለ ነጋዴው፣ ነጠላ ስለ መመለሱ ሳልደብቅ ነገርኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«አጎቴ» አለ በመጨረሻ፣ «አያቴ ዝንጅብሉን ለሌላ ሰው በውድ ሸጦት ነበር?»

«የለም፤ ዝንጅብሉ በስብሶ ነበር።»

«ሰውየው መጥቶ አይቶታል?»

«አይቶታል። ማሳው ድረስ ወስዶ አሳይቶታል።»

«እሺ» አለ። ጥቂት አሰበና «የእኔ ሣጥን ግን አልበሰበሰም» አለኝ። ከዚያ እናቱ ስልኩን ተቀበለችውና፣ የእማዬ የግፊት መድኃኒት ስንት ቀን እንደሚቀረው ጠየቀችኝ።